የመጨረሻው ብርጭቆ የት ነው? ለናፓና ለሶኖማ ጉዞ ማደሪያ አመራረጥ

«ጋሼ፣ ናፓ ልንመጣ ነው፤ ጥሩ ሆቴል ጠቁመን።» ይህቺ ስልክ ክረምት ከበጋ አትቀርብኝም። ከዲሲ ትመጣለች፣ ከሲያትል፣ ከዳላስ፣ አንዳንዴም ዱባይ ሠርታ እረፍት ከምትወጣ እህት። የምኖረው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ በቫን እንግዳ እየጫንኩ ናፓና ሶኖማ ወደሚባለው የወይን አገር እመላለሳለሁ። ለጠያቂው ሁሉ መልሴ ሌላ ጥያቄ ነው፦ «የዕለቱን የመጨረሻ ብርጭቆ የት ነው የምትጠጡት?»

ይህን ሳያውቁ ክፍል የያዙ ሰዎች፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ እራት በልተው፣ ሁሉም ጠጥተው፣ መኪና ቁልፍ ላይ ሲተያዩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ከአልጋው አይጀምሩም፤ አልጋው ላይ ይደርሳሉ እንጂ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡት።

ከመጀመራችሁ በፊት በእጃችሁ ይኑር

• ሁለት አማራጭ ቀን። አንድ ቀን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው የተባለውን ዋጋ ከመክፈል ሌላ ምርጫ የለውም።
• የሚመጡት ሰዎች ዝርዝር፦ ስንት ባልና ሚስት፣ ስንት ላጤ፣ ልጅ አለ ወይ፣ ደረጃ መውጣት የሚቸግራቸው እናት አሉ ወይ፣ ማን ይጾማል፣ ማን ጭራሽ አይጠጣም።
• በአዳር የምትችሉት ከፍተኛ ገንዘብ፣ ታክሱን ጨምሮ።
• ክሬዲት ካርድ። ዴቢት አይሆንም፤ ምክንያቱን ወደ ታች አስረዳለሁ።
• የሁሉም ሰው መታወቂያ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል አይሸጥም፤ የ40 ዓመት ሰውም ቢሆን ሊጠየቅ ይችላል።
• በስልካችሁ ላይ አስቀድሞ የወረደ ካርታ። ኮረብታዎቹ መካከል ኔትወርክ ይጠፋል።
• በረዶ የሚይዝ ሳጥን።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ቁረጡ

በዚህ አገር ከቦታው ይልቅ ዋጋውን የሚወስነው ቀኑ ነው። አንድ ክፍል በጃንዋሪ ማክሰኞና በሴፕቴምበር ቅዳሜ የሚጠየቅበት ዋጋ እጥፍና ከእጥፍ በላይ ሊራራቅ ይችላል።

የወይን ለቀማው ከኦገስት ይጀምርና እስከ ኦክቶበር ይዘልቃል። ማሳው የሚያምረው፣ ዋይነሪው (የወይን መጥመቂያው ቤት) በጭማቂ ሽታ የሚታወደው፣ መንገዱም የሚጨናነቀው ያኔ ነው። የእኛ ሰዎች ደግሞ እንቁጣጣሽን አስታከው መምጣት ይወዳሉ። ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ማለት ለቀማው መሀል ነው፤ በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሰኞ የሚውለው የሌበር ደይ በዓልም ከሳምንት በፊት ያለ ነው። ለዚያ ጊዜ ከሆነ ከሦስት አራት ወር በፊት ያዙ።

ክረምቱ፣ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች፣ ርካሹ ጊዜ ነው። ግንዱ ቅጠሉን ያራገፈ ነው፤ ግን ከጃንዋሪ መጨረሻ ጀምሮ በወይኑ ተርታ መካከል የሰናፍጭ አበባ ይወጣና ሸለቆው መስቀል የደረሰ ይመስል ቢጫ ይለብሳል። እኔ ብትጠይቁኝ ፌብሩዋሪን እመርጣለሁ፤ ዝናብ ግን አለው።

ከእሁድ እስከ ሐሙስ ያለው አዳር ከዓርብና ከቅዳሜው ይረክሳል። ብዙ ቦታ ደግሞ ዓርብና ቅዳሜን ነጥሎ አይሸጥም፤ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ያዙ ይላል። እሁድ ገብቶ ማክሰኞ መውጣት ሁለቱንም ችግር ይፈታል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ በሳምንቱ መሀል የሚዘጉ ምግብ ቤቶች አሉና የእራቱን ቤት አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ደረጃ 2፦ ዋይነሪዎቹን ከክፍሉ በፊት ያዙ

ብዙዎቹ የናፓ ዋይነሪዎች ያለ ቀጠሮ አያስተናግዱም። ሶኖማ ላላ ይላል፤ እዚያም ቢሆን ለቡድን ቀጠሮ ያስፈልጋል። የምትፈልጉት ዋይነሪ የሚሰጣችሁ ሰዓት ጠዋት 4 ተኩል ብቻ ከሆነ፣ 50 ማይል ርቆ ማደር ትርጉም የለውም።

በቀን ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ያዙ። አንዱ የወይን ቅምሻ ከአንድ ሰዓት እስከ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ አብዛኛው ቤት ደግሞ ከቀኑ 10 ተኩል እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ይዘጋል። አራተኛውን ቤት የሚያስታውሰው ሰው አላጋጠመኝም።

የትኛውን ወይን እንደምትወዱ ካወቃችሁ አካባቢው ራሱ ይመጣል። ካበርኔ ሶቪኞን የሚወድ በናፓ ሸለቆ መሀል ያሉት ኦክቪልና ራዘርፎርድ ዙሪያ ይበቃዋል። ፒኖ ኗርና ሻርዶኔ የሚወድ ወደ ባሕረ ሰላጤው በቀረበው ቀዝቃዛው ካርኔሮስ ወይም በሶኖማ በኩል ራሺያን ሪቨር ሸለቆ ይሂድ። ዚንፋንዴል ከሆነ በዚያው በሶኖማ በኩል ሂልድስበርግ አጠገብ ያለው ድራይ ክሪክ ነው። ጠጅ የለመደ አፍ ይዛችሁ ከመጣችሁ ደግሞ ቀጠሮ ስትይዙ «ጣፋጭ ወይን አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አለበለዚያ አክስታችሁ አምስት ብርጭቆ ደረቅ (የማይጣፍጥ) ቀይ እየቀመሱ ፊታቸውን ሲያጨማድዱ ይውላሉ።

የያዛችኋቸውን ቤቶችና የእራቱን ቦታ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ። ከምልክቶቹ ሁሉ የማታው ነጥብ ነው የሚበልጠው።

ደረጃ 3፦ ማን እንደሚነዳ በስም ወስኑ

«እዚያው እናያለን» መልስ አይደለም። በካሊፎርኒያ የደም አልኮል 0.08 በመቶ ከደረሰ መንዳት ወንጀል ነው፤ ከዚያ በታችም ቢሆን አነዳዱ ከተበላሸ ፖሊስ ሊይዝ ይችላል። የተከፈተ ጠርሙስ ተሳፋሪው ባለበት ክፍል መገኘት የለበትም፤ ቡሽ መልሳችሁበትም ቢሆን ቦታው የዕቃ መጫኛው ነው። ቪዛ ላይ ላለ ወይም ለዜግነት ላመለከተ ሰው ጣጣው ድርብ ነው፤ ጠጥቶ መንዳት ከፍርድ ቤት አልፎ እስከ ኢሚግሬሽን ፋይሉ ይከተለዋል።

ያላችሁ ምርጫ ሦስት ነው።

ሀ. ከናንተ መካከል የማይጠጣ ሰው። ካለ፣ የትም ማደር ትችላላችሁ፤ ርካሹን ሰፈር ፈልጉ።

ለ. ሾፌር መቅጠር። ለስድስትና ለሰባት ሰው ሲካፈል አይጎዳም። ሾፌሩ ግን በሰዓት ነው የሚያስከፍለው፤ ከሩቅ ካደራችሁ መመላለሻውንም ትከፍላላችሁ።

ሐ. በእግር መመለስ። ማንም የማይጾም፣ ሁሉም የሚጠጣ ከሆነ ቅምሻውና እራቱ በእግር የሚደረስበት ከተማ መሀል እደሩ።

በስልክ የሚጠሩት የኡበርና የሊፍት (Lyft) መኪኖች ናፓ ከተማና በሶኖማ በኩል ሳንታ ሮሳ ላይ ይገኛሉ። ወደ ሰሜን በሄዳችሁ ቁጥር፣ ካሊስቶጋና ጋይዘርቪል ላይ በተለይ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስልካችሁ ላይ መኪና ስትፈልጉ ክቡ ብቻውን ሲዞር ታያላችሁ። ቫይን የሚባለው የሕዝብ አውቶቡስ በናፓ ሸለቆ በሀይዌይ 29 ይመላለሳል፤ ለቀን ጉዞ ጥሩ ነው፣ ለእራት መመለሻ አትተማመኑበት።

ደረጃ 4፦ ከተማውን ምረጡ

«ናፓ» ሲባል ሦስት ነገር ነው፦ ከተማው፣ ሸለቆውና ካውንቲው (እንደ ወረዳ ያለው አስተዳደር)። ብዙ ስህተት የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሸለቆው ከደቡብ ወደ ሰሜን 30 ማይል ገደማ ይረዝማል፤ በስፋቱ ግን ከ5 ማይል አይበልጥም። ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፦ በምዕራብ ሀይዌይ 29፣ በምሥራቅ ሲልቨራዶ ትሬይል። ከናፓ ከተማ እስከ ካሊስቶጋ መንገዱ ክፍት ከሆነ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ሴንት ሄለና ላይ 29 ይታፈናል፤ ያን ጊዜ ሲልቨራዶን ያዙ።

ናፓ ከተማ። ከኦክላንድም ከሳንፍራንሲስኮም ለሚመጣ ቅርብ ነው፤ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ዓርብ ከሰዓት ካልሆነ። መሀል ከተማው ላይ ብዙ የቅምሻ ቤቶች በእግር ይደረሳሉ፤ ኦክስቦ የሚባለው የገበያ አዳራሽና የወይን ባቡሩ መነሻም እዚያው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ፣ ሾፌር ለሌለው ቡድን የምመክረው ይህን ነው። ሲፈልጉ ግን «ናፓ» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ «ናፓ መሀል ከተማ» በሉ። ከሀይዌዩ ዳር ያለ ሞቴል አድራሻውም ናፓ ነው፤ ከዚያ ወደ መሀል በእግር አይኬድም።

ያውንትቪል። ትንሽ፣ ጽዱ፣ ውድ። ከዳር እስከ ዳር በእግር ይታለፋል፤ በጥሩ ምግብ የታወቀ ነው። ለጋብቻ ዓመት በዓል ሁለት ሌሊት የሚያድሩ ባልና ሚስት ይሂዱበት። ከናፓ ከተማ እስከዚህ የብስክሌት መንገድ አለ። ለስምንት ጓደኛሞች ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ማታ ከተማው ቶሎ ይተኛል።

ሴንት ሄለና። ለታላላቆቹ ዋይነሪዎች መሀል ቦታ ነው፤ ማደሪያው ጥቂት፣ ዋጋውም ከፍ ያለ።

ካሊስቶጋ። የሸለቆው ራስ። ፍል ውሃና የጭቃ መታጠቢያ ያለበት ከተማ ስለሆነ፣ ከቡድኑ የማይጠጣ ሰው ካለ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። የሶደሬን ወይም የወንዶ ገነትን ውሃ የሚያስታውሱ እናቶች፣ ልጆቻቸው ቅምሻ ላይ ሲውሉ እነሱ ፍል ውሃው ላይ ይውላሉ፤ ማታ ሁሉም ደስ ብሎት ይገናኛል። ዋናው መንገድ በእግር ያልቃል። በበጋ ቀን ከሸለቆው ሁሉ ይህ ይሞቃል፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ክፍል አትያዙ። ፍል ውሃው ትንሽ የድኝ ሽታ አለው፤ የሚከብደው ሰው ካለ ይወቀው።

ወደ ምዕራብ ስንሻገር ሶኖማ ካውንቲ ነው፤ ከናፓ በጣም ይሰፋል፣ ዋጋውም ባመዛኙ ይቀንሳል። ሶኖማ ከተማ አደባባዩን ከብበው የተሠሩ የቅምሻ ቤቶች አሉት፤ ክፍላችሁ ከአደባባዩ አጠገብ ከሆነ መኪናው ሁለት ቀን ሙሉ ሳይነሳ ይቆማል። ሂልድስበርግም እንዲሁ አደባባይ ያለው፣ ለድራይ ክሪክ፣ ለአሌግዛንደርና ለራሺያን ሪቨር ሸለቆዎች መነሻ የሚሆን ከተማ ነው፤ ዋጋው ግን ወደ ናፓ እየተጠጋ መጥቷል።

በጀት ሲጠብ፦ ሳንታ ሮሳና ሮነርት ፓርክ በሶኖማ በኩል፣ አሜሪካን ካንየን፣ ቫሌሆና ፌርፊልድ በናፓ በኩል የታወቁ ሰንሰለት ሆቴሎች አሏቸው። ወይን አይታይም፤ ንጹሕ አልጋ፣ ነጻ ፓርኪንግና ሁለት ኩዊን (ሰፋ ያለ) አልጋ ያለው ክፍል ግን ይገኛል። የማይጠጣ ሾፌር ላላቸው ቤተሰቦች በቂ ነው። ድንኳን የሚወድ ሰው በሴንት ሄለናና በካሊስቶጋ መካከል ያለውን ቦቴ ናፓ ቫሊ የሚባል ፓርክ ይመልከት፤ ትንንሽ የእንጨት ጎጆዎችም አሉት፤ ቶሎ ይሞላል።

ደረጃ 5፦ የማደሪያውን ዓይነት ለዩ

ሆቴል፦ ሊፍት አለው፣ ሌሊት የሚደወልለት ሰው አለ። አዛውንት ወይም ሕፃን ካለ ይህን ያዙ።

የእንግዳ ቤት (ቤድ ኤንድ ብሬክፋስት)፦ ብዙ ጊዜ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የእንጨት ቤት ነው። ያምራል፤ ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፣ ወለሉ ይንቋቋል፣ ልጅ የማይቀበልም ብዙ ነው። ቁርሱ በዋጋው ውስጥ ስላለ አታባክኑት። ረቡዕና ዓርብ፣ ወይም በፍልሰታ (ከኦገስት 7 እስከ 21) የምትመጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እዚህ ላይ አነጋገሩ ይወስናል፦ «እንጾማለን» ካላችሁ ምንም የማትበሉ ይመስላቸውና ቁርሱን ጭራሽ ይተዉታል። «ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ አንበላም፤ ቪጋን ነን» በሉ፤ ወዲያው ይገባቸዋል።

የሚከራይ ሙሉ ቤት፦ የእኛ ሰዎች ምርጫ ይህ ነው፤ አሥር ሰው፣ አንድ ወጥ ቤት፣ አንድ ምንቸት ወጥ። ግን ተጠንቀቁ። በናፓ ካውንቲ ከከተሞቹ ክልል ውጭ መኖሪያ ቤትን ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ ማከራየት ክልክል ነው። ናፓ ከተማና ሴንት ሄለና የሚሰጡት ፈቃድ በቁጥር የተወሰነ ነው። ስለዚህ «በወይን ማሳ መካከል፣ በናፓ ገጠር፣ ለሁለት ሌሊት» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ፈቃዱን ጠይቁ፤ ካውንቲው ቢያስቆመው አልጋ ያጣችሁት እናንተ ናችሁ። ለሙሉ ቤት ሶኖማ ካውንቲ ይሻላል፤ እዚያም በፈቃድ ነው፣ የፈቃድ ቁጥሩ ማስታወቂያው ላይ ሊኖር ይገባል። ስንት ሰው እንደሚያድር እውነቱን ጻፉ። የሌሊት ጸጥታ ሰዓት አለ፤ እስክስታው ከቤት ውጭ ከሆነ ጎረቤት ይደውላል።

ደረጃ 6፦ ሙሉውን ዋጋ በወረቀት አስሉ

በካሊፎርኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግዴታ የሆነ ክፍያ ሁሉ፣ ሪዞርት ፊ የሚሉት የሆቴሉ ተጨማሪ ክፍያም የጽዳቱም፣ መጀመሪያ በሚታየው ዋጋ ውስጥ መካተት አለበት። የመንግሥት ታክስ ግን መጨረሻ ላይ ይጨመራል፤ እዚህ አካባቢ ብዙ ጊዜ ከ12 በመቶ ይጀምራል። ፓርኪንግም «አማራጭ» ከተባለ ለብቻው ነው።

ለአንድ ባልና ሚስት፣ ለሁለት ሌሊት፣ ለምሳሌ እንዲህ አስሉት፦

መሀል ከተማ፦ 300 ዶላር × 2 = 600፤ ታክስ 14 በመቶ 84፤ ፓርኪንግ 25 × 2 = 50። ድምር 734 ዶላር።

ከሸለቆው ውጭ፦ 170 × 2 = 340፤ ታክስ 12 በመቶ ወደ 41፤ ፓርኪንግ የለም። ማታ ማታ ለእራት መሄጃና መመለሻ ኡበር 55 × 4 = 220። ድምር 601 ዶላር።

የ130 ዶላር ልዩነቱን ያዩ ብዙዎች «ይሁን፣ ርቀን እንደር» ይላሉ። እኔ ሁለቱም የሚጠጡ ከሆነ 130ውን ከፍዬ በእግሬ እገባለሁ፤ የማይጠጣ ሰው ካለ ግን 220ው ስለሚቀር ውጭ ማደሩ በግልጽ ይረክሳል። ቁጥሩን በራሳችሁ ዋጋ ተኩት፤ ኡበሩን ሳይደምሩ ማወዳደር ግን ማወዳደር አይደለም።

ደረጃ 7፦ ከመክፈላችሁ በፊት ስልክ ደውሉ

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል፤ ከሁሉም የሚጠቅመውም ይህ ነው። ፎቶ ጥሩውን ክፍል ያሳያል፤ እናንተ የሚሰጣችሁ ሌላ ነው። ለማደሪያው ቤት ራሱ ደውሉ፣ ለቡኪንግ ድርጅቱ አይደለም፤ እንዲህም ጠይቁ፦

«ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ ነው? ሊፍት አለ?» ምድር ቤት የሚፈልግ ሰው ካለ በማስታወሻ አስጽፉ።

«አልጋው አንድ ኪንግ (ከኩዊን የሚሰፋው) ነው ወይስ ሁለት ኩዊን?» በዚህ አገር አብዛኛው ውድ ክፍል ለፍቅረኛሞች የተሠራ ነው፤ ሁለት እህትማማቾች አንድ ኪንግ ላይ ሲነጫነጩ ያድራሉ።

«መዋኛ ገንዳው በክረምት ይሞቃል?» ብዙው አይሞቅም።

«ከወይን ማሳው ምን ያህል ይርቃል?» ይህን ለምን እንደምጠይቅ ልንገራችሁ። አንድ ኤፕሪል ራዘርፎርድ አካባቢ ማሳው ላይ የተሠራ ቤት አደርኩ፤ መስኮቱን ስትከፍት ለጋው ቅጠል እጅህ ላይ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሄሊኮፕተር ጣሪያው ላይ ያረፈ መስሎኝ ብድግ አልኩ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ጎኔ ያለው የውሃ ብርጭቆ ይንጫጫል። ወጥቼ ሳይ ከፍ ያለ ምሰሶ ላይ የተገጠመ ትልቅ ማራገቢያ ነው። ለካ በጸደይ ቀዝቃዛ ሌሊት ውርጭ ለጋውን ቡቃያ እንዳያቃጥለው፣ ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ወደ ታች የሚገፋበት ነው። እስኪነጋ አልቆመም። በለቀማው ወራት ደግሞ ወይኑ እንዲቀዘቅዝ ስለሚፈለግ የሚለቀመው ሌሊት በመብራት ነው፤ ትራክተር፣ ጩኸት፣ ብርሃን። ከማርች እስከ ሜይ ወይም ከኦገስት እስከ ኦክቶበር የምትመጡ፣ እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ፣ ማሳውን ከሩቅ የሚያሳይ ክፍል ይበቃችኋል። የጆሮ መድፈኛ ያዙ።

«ክፍል ውስጥ ቡና ማፍላት ይቻላል?» ብላችሁ ደግሞ አትጠይቁ፤ አይገባቸውም። በቀጥታ፦ ክፍል ውስጥ ቡና አትቁሉ፣ ዕጣንም አታጢሱ። አንድ ጊዜ የጫንኳቸው እንግዶች ጠዋት ቡናውን በትንሽ ምድጃ ሲቆሉ የጭስ ማንቂያው ጮኸ፤ የቤቱ እንግዳ ሁሉ በመታጠቢያ ካባ ግቢ ወጥቶ ቆመ። ሽማግሌ ፈረንጆች ጀበናውን እያዩ ፈገግ ብለዋል፤ ሒሳቡ ላይ የመጣው የጽዳት ቅጣት ግን ፈገግ አያሰኝም። የተቆላና የተፈጨ ይዛችሁ ኑ፤ ቁርስ ቤት ፍል ውሃ ይሰጧችኋል።

ደረጃ 8፦ የስረዛውን ደንብ አንብባችሁ ያዙ

ለካሊፎርኒያ ማደሪያ፣ ከመግቢያው ቀን 72 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቀድማችሁ ከያዛችሁ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ሕጉ ይፈቅድላችኋል። ይህን ለጥቅማችሁ አውሉት፦ ክፍል ሲገኝ ያዙ፣ በማግስቱ ጠዋት ከቡድኑ ጋር ተነጋገሩ፣ ካልተስማማችሁ ሰርዙ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ቤቱ ነው። ከኦገስት እስከ ኖቬምበር ለሚደረግ ጉዞ ገንዘብ የማይመለስበትን ርካሽ ዋጋ አትያዙ። በፈረንጆች 2017 ኦክቶበርና በ2020 ሴፕቴምበር ታላላቅ የሰደድ እሳቶች እነዚህን ሸለቆዎች መትተዋል። እሳት ባይኖርም ነፋስ ሲበረታ የመብራት ኩባንያው እሳት እንዳይነሳ ብሎ ኃይል ያቋርጣል። «እሳት፣ ጭስ ወይም የመብራት መቋረጥ ከሆነ ገንዘባችን ይመለሳል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በኢሜይል አስጽፉ። በቃል የተባለ ነገር ተቀባዩ ሲቀየር ይጠፋል።

ደረጃ 9፦ ከመግቢያው ቀን በፊትና በዕለቱ

ከሦስት ቀን በፊት ደውላችሁ ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ ስም፣ የአልጋ ዓይነት፣ የመግቢያ ሰዓት። መግቢያው ብዙ ቦታ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ቅምሻችሁ ጠዋት ከሆነ ሻንጣችሁን ማስቀመጥ እንደሚቻል ጠይቁ።

ሲገቡ ካርድ ላይ መያዣ ይቆርጣሉ፤ ክሬዲት ከሆነ ከገደባችሁ ላይ ነው፣ ዴቢት ከሆነ ግን እውነተኛው ገንዘባችሁ ነው የሚታሰረው፤ ከወጣችሁ በኋላም ቀናት ሊቆይ ይችላል። ክሬዲት ያልኩት ለዚህ ነው።

የገዛችሁትን ወይን መኪና ውስጥ አትተዉ። በኦገስት ፀሐይ የተዘጋ መኪና ምድጃ ነው፤ ወይኑ ይበስላል፣ ቡሹም ይገፋል። ከዋይነሪ ወደ ዋይነሪ በበረዶ ሳጥኑ፣ ከዚያ ወደ ክፍል አስገቡት። ወደ ዲሲ የምትመለሱ፣ ጠርሙሱ በእጅ ሻንጣ አያልፍም፤ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በልብስ ጠቅልሉት፣ ወይም ዋይነሪው ራሱ እንዲልክላችሁ ጠይቁ።

ሲደጋገሙ የማያቸው ስህተቶች

አንድ ሌሊት ናፓ፣ ሁለተኛውን ሌሊት ሂልድስበርግ መያዝ። በካርታ ቅርብ ይመስላል። ግማሽ ቀኑ ሻንጣ በመጫንና መግቢያ ሰዓት በመጠበቅ ያልቃል። እስከ ሦስት ሌሊት ከሆነ አንድ ቦታ እደሩ።

ሁሉም ሰው የየራሱን ክፍል በየራሱ ሰዓት መያዝ። አንዱ ናፓ መሀል፣ ሌላው አሜሪካን ካንየን ይገኛል። አንድ ሰው ይያዝ፣ ሌላው ድርሻውን በዜል (የባንክ ገንዘብ መላኪያ) ይላክለት፤ ከመያዙ በፊት ይላክለት፣ በኋላ ሲሆን ታውቁታላችሁ።

«የወይን አገር» የሚለውን ስም አምኖ መያዝ። ሆቴሎች በስማቸው ላይ ናፓ ወይም ሶኖማ ማስገባት ይወዳሉ። ስሙን ትታችሁ አድራሻውን ካርታ ላይ ጻፉና ከእራታችሁ ቦታ ምን ያህል እንደሚርቅ እዩ።

ቀላል ልብስ ብቻ ይዞ መምጣት። ቀን 35 ዲግሪ የነበረ ሸለቆ ሌሊት ጉም ገብቶ ጋቢ ያስመኛል፤ ውጭ የሚቀመጡበት ማደሪያ ከያዛችሁ ጋቢውን እውነትም አምጡት።

ጂፒኤስ በአቋራጭ ሲወስድ መከተል። በናፓ አልጋ፣ በሶኖማ በኩል ባለችው በግሌን ኤለን እራት የያዘ ሰው ስልኩ በኦክቪል ግሬድ ተራራ ይመራዋል። ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ፣ መጠምዘዣው የበዛ፣ መብራት የሌለው ነው፤ ቀን ያምራል፣ ማታ ግን ለእንግዳ አይሆንም። በደቡብ በኩል በሀይዌይ 12ና 121 ዙሩ፤ ጥቂት ደቂቃ ቢጨምር ነው።